ያገለገለ የሙዚቃ ሸክላ ደረጃ አወጣጥ፦ ከጽዳት እስከ ጽሑፍ መግለጫ

«አባቴ የተወው አንድ ካርቶን ሸክላ አለ፤ ስንት ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ፣ አጠያየቁ ይለያይ እንጂ፣ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዱ አዲስ አበባ ሆኖ የቤተሰቡን ቁም ሣጥን ሲያጸዳ ያገኘውን የሸክላ ቁልል ፎቶግራፍ አንሥቶ ይልክልኛል፤ ሌላዋ ዋሽንግተን አካባቢ ሆና ወላጆቿ ከአገር ሲወጡ በሻንጣ የያዟቸውን ጥቂት ሸክላዎች ታሳየኛለች። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ከዋጋው በፊት የሸክላው ይዞታ፣ ማለትም ምን ያህል ደህና ሆኖ እንደቆየ፣ ደረጃ ይውጣለት። የአንድ ድምፃዊ፣ የአንድ አሳታሚ፣ የአንድ ጊዜ ሕትመት የሆኑ ሁለት ሸክላዎች በይዞታቸው ልዩነት ብቻ አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ በሆነ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ ብቻ አይቶ ዋጋ የሚነግርዎ ሰው እየገመተ እንደሆነ ይወቁ።

ደረጃ ማውጣት ማለት ሸክላውን በእጁ ሊይዘው፣ በዓይኑ ሊያየውና በጆሮው ሊሰማው ለማይችል ገዢ ያለውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መመስከር ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለማንኛውም የቪኒል (ቪኒል የፕላስቲክ ዓይነት ነው) ሸክላ ያገለግላል፤ ምሳሌዎቹን ግን በአብዛኛው የምወስደው ጠያቂዎቼ ከሚያሳዩኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ አምሃ ሪከርድስ፣ ካይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስ ካሳተሟቸው ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) የአማርኛ ሸክላዎች ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት፣ አምፖሉ ያልተሸፈነ ቢሆን ይመረጣል
• በጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ
• በ45 እና በ33 ከ1/3 ዙር የሚሠራ፣ መርፌው ያላለቀ የሸክላ ማጫወቻ
• መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ላላቸው ሸክላዎች የሚሆን መሙያ (ሰፊው ቀዳዳ 38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው)
• የጆሮ ማዳመጫ
• ለሸክላ የተሠራ ለስላሳ ብሩሽና ሁለት የመነጽር መጥረጊያ ጨርቆች
• የተጣራ ውኃ፤ አገር ቤት ከመኪና ዕቃ መሸጫ «የባትሪ ውኃ» በሚል ስም ይገኛል
• አጉሊ መነጽር፣ ወረቀትና እርሳስ፣ አዲስ የውስጥ ከረጢት ወረቀት

ስለ ማጫወቻው አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። መርፌው በሸክላው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት በተለመደው ጥሩ ማጫወቻ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች ግን 5 ግራምና ከዚያ በላይ ሊጫኑ ይችላሉ። ያለቀ ወይም ከባድ መርፌ ሁለት ጉዳት ያደርሳል፦ የደህናውን ሸክላ ድምፅ አበላሽቶ በማሰማት ከሚገባው በታች ደረጃ እንዲሰጡት ያሳስትዎታል፣ እየመረመሩትም ሳለ ሸክላውን ራሱን ይፍቀዋል። የማጫወቻው ነገር አጠራጣሪ ከሆነ በዓይን ብቻ መርምረው «አልተሰማም» ብለው መጻፍ ይሻላል።

አሠራሩ

1. ሸክላው ከምን እንደተሠራ ይለዩ።

በመሐሉ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የዙሩን ቁጥር ያንብቡ። 78 የሚልና ክብደት ያለው፣ የማይተጣጠፍ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠራ፣ ሲወድቅ የሚሰበር የቀድሞ ዘመን ዕቃ ነው። ይህ መመሪያ ለእርሱ አይሆንም፤ ቦዩ (መርፌው የሚሄድበት የተቀረጸ መስመር) ሰፊ ስለሆነ የተለየ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል፣ አልኮል ቢነካውም ገጹ ይሟሟል። ባለ 45 እና ባለ 33 ከ1/3 ዙር የሆኑት አብዛኞቹ ቪኒል ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከታተሙት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች መካከል ግን ፖሊስታይሪን ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ የተሠሩ ብዙ አሉ፤ እነዚህ ገጻቸው እያበራ ድምፃቸው ያለቀ ሊሆን ስለሚችል ሳይሰሙ ደረጃ አይስጧቸው።

2. እጅዎን ታጥበው ሸክላውን ከዳሩና ከመሐል ወረቀቱ ብቻ ይያዙ።

የጣት ቅባት በቦዩ ውስጥ ይቀራል፣ አቧራም ይይዛል። ከሽፋኑ ሲያወጡት ሽፋኑን በደረትዎ ደግፈው አፉን በትንሹ ከፍተው ያውጡት እንጂ በሁለት ጣት ጎትተው አያውጡት፤ ከውስጥ ወረቀቱ ጋር የሚፋተገው በዚህ ጊዜ ነው።

3. ፎቶግራፍ ያንሡ፣ ከዚያ ያጽዱ።

ሳያጸዱ ደረጃ ማውጣት በሁለት በኩል ያሳስታል። ቆሻሻ ጭረትን ይሸፍናል፣ ቆሻሻው ራሱም በመርፌው ሥር እንደ ጭረት ይንጣጣል። ለዓመታት አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን አናት ላይ የኖረ ሸክላ የበጋውን አቧራ፣ የክረምቱን እርጥበትና ሻጋታ አብሮ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከጽዳት በኋላ በአንድ ደረጃ ከፍ ያሉ ብዙ ሸክላዎች አይቻለሁ። በተቃራኒው ደግሞ ሻጋታው ሲነሣ ከሥሩ የማይለቅ ነጠብጣብ ሊገኝ ይችላል፤ እሱ ጉዳት እንጂ ቆሻሻ ስላልሆነ ይመዘገባል።

በመጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ የላዩን አቧራ ያንሡ። ቀጥሎ ጨርቁን በተጣራው ውኃ አርጥበው፣ ሽታና ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አንዲት ጠብታ ጨምረው፣ የቦዩን ዙር ተከትለው በክብ ይጥረጉ። ከመሐል ወደ ዳር አቋርጦ መጥረግ ቆሻሻውን በቦዩ ግድግዳ ላይ ይጎትተዋል። የመሐል ወረቀቱን ውኃ አያስነኩት፣ ቀለሙ ይለቃል ወይም ይነሣል። በመጨረሻ ሳሙና በሌለው የተጣራ ውኃ ደግመው፣ በሁለተኛው ጨርቅ አድርቀው፣ በሰሃን ማድረቂያ ላይ በቁሙ ያቆዩት። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ነጭ የማዕድን ቅሪት በቦዩ ውስጥ ስለሚተው የተጣራው ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ «የባትሪ ውኃ» ሲገዙ የተጣራ ውኃ መሆኑን ከዕቃው ላይ ያረጋግጡ፤ በዚያው መደብር የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ሰውንም ሸክላውንም ይጎዳል። ሸክላውን ፀሐይ ላይ አያድርቁ፤ ቪኒል በሙቀት ለስልሶ ይጣመማል፣ ተጣሞ የቀረን ሸክላ ማቃናት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሳካም። በነጠላ ጫፍ፣ በሸሚዝ እጅጌ፣ በመስታወት መጥረጊያ ፈሳሽና በመዋቢያ ቅባት አያጽዱ።

4. በመብራት ሥር በዓይን ይመርምሩ።

ክፍሉን አደብዝዘው የጠረጴዛውን መብራት ያብሩ፤ ሸክላውን በሁለት መዳፍዎ ዳሩን ይዘው ብርሃኑ በአግድም እንዲያርፍበት ያዘንብሉት፣ ከዚያም ቀስ እያሉ ያዙሩት። ብርሃን ፊት ለፊት ሲያርፍ ጭረት አይታይም፤ በጎን ሲመጣ ግን ፀጉር የምታህለው መስመር እንኳ ታንጸባርቃለች። ይህን የተማርኩት ከስሕተቴ ነው፦ ቀድሞ በጣሪያ ሸምበቆ አምፖል ሥር አይቼ ንጹሕ ነው ያልኩትን አንድ ሸክላ ሸጬ፣ ገዢው በመስኮት ብርሃን ያነሣውን የጭረት ፎቶግራፍ ሲልክልኝ ገንዘቡን መልሻለሁ።

የሚያዩትን በዓይነቱ ለይተው ይመዝግቡ። ከውስጥ ወረቀቱ ጋር በመፋተግ የሚመጡት ስስ መስመሮች ላይ ላዩን ብቻ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አይሰሙም። እንደ ደመና የሰፋ ፍትግታ ደግሞ መልኩን ያበላሻል፤ ይሰማ አይሰማ የሚለው በ5ኛው እርምጃ ይታወቃል። የታጠበ ጣትዎን ጥፍር በእርጋታ ሲያሳልፉበት የሚይዝ ጭረት ግን በእርግጥ ይሰማል። የጭረቱንም አቅጣጫ ያስተውሉ፦ ከመሐል ወደ ዳር ቦዩን አቋርጦ የሄደ ጭረት በየዙሩ ያንኳኳል፤ ከቦዩ ጋር ጎን ለጎን የሚጓዝ ጭረት ግን ለዓይን ቀላል ቢመስልም መርፌውን ከመንገዱ አውጥቶ ያዘልለዋል ወይም አንድ ቦታ ላይ ይዞ ያስደጋግመዋል። ስለዚህ ሁለተኛው፣ አጭር ቢሆንም፣ ይበልጥ ያሳስባል።

ከጭረት ሌላ አራት ነገሮችን ይመልከቱ። የመጀመሪያው የገጹ ጥቁረት ነው፤ ጤናማ ሸክላ ጥቁርና አንጸባራቂ ሲሆን፣ በከባድ መርፌ ብዙ የተጫወተው ወደ ግራጫነት ያደላል፣ በተለይም ሙዚቃው ከፍ በሚልባቸው ቦታዎች። ሁለተኛው በመሐል ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ወረቀት ነው። ሸክላውን ማጫወቻው ላይ ሲያስቀምጡ ዘንጉ ቀዳዳውን ስቶ ወረቀቱን ይፍቀዋል፤ እዚያ የተጠላለፉ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ካሉ «አንዴም አልተጫወተም» የሚለው የሻጭ ቃል እውነት ሊሆን አይችልም። በሙዚቃ ቤት ወይም በቡና ቤት ያገለገለ ሸክላ የሚታወቀው ከሁሉ በፊት በዚህ ነው። ሦስተኛው ስንጥቅ ነው፤ ከዳር ወይም ከቀዳዳው የሚነሣ ፀጉር መሰል ስንጥቅ ያለበትን ሸክላ አያጫውቱ፣ መርፌዎን ሊሰብርብዎ ይችላል። አራተኛው መጣመም ነው፤ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አሽከርክረው ዓይንዎን ከዳሩ ጋር እኩል አድርገው ሲያዩ ከፍ ዝቅ ማለቱ ይታያል። በመጨረሻም ሙዚቃው አልቆ እስከ መሐል ወረቀቱ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረውን ቁጥርና ፊደል በአጉሊ መነጽር አንብበው ይጻፉ፤ ደረጃውን አይለውጥም፣ ነገር ግን ሰብሳቢ የትኛው ሕትመት እንደሆነ የሚለየው በእርሱ ነው።

5. ሁለቱንም ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጡ።

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን እርሱ ነው። አዲስ የሚመስል ሸክላ በመርፌ ተፍቆ ድምፁ የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ መልኩ የተጎዳ ደግሞ አስደናቂ ንጹሕ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጹ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ ጊዜ የለኝም የሚያሰኝ አይደለም። በጆሮ ማዳመጫ ያድምጡ፣ የድምፁንም መጠን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ያድርጉት፤ አለበለዚያ የዛሬውን ሸክላ ከትናንቱ ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ትኩረትዎን በሦስት ቦታዎች ላይ ያድርጉ። መግቢያው ላይ፣ ሙዚቃው ሳይጀምር፣ የገጹ ጫጫታ ብቻውን ይሰማል፦ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚያካፋ ስስ ዝናብ ያለ ድምፅ ከሆነ የቦዩ ማለቅ ወይም የሕትመቱ ጥራት ማነስ ነው፤ እንደሚቆላ ቡና እዚህም እዚያም የሚንጣጣ ከሆነ ደግሞ የቀረ ቆሻሻ ወይም ቀላል ጭረት ነውና አንድ ጊዜ ደግመው አጽድተው ይስሙት። ከዚያ ጸጥ ያለው ቦታ ይመጣል። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በኅብረት ሲነፉ ማንኛውም ጫጫታ ይዋጣል፤ ስለዚህ በፈጣን ዘፈን ላይ ተመሥርተው ሳይሆን የትዝታ ዓይነት ቀስ ያለ መግቢያ ወይም ድምፃዊው ብቻውን የቀረበት ስንኝ ላይ ተመሥርተው ይፍረዱ። ሦስተኛው የገጹ መጨረሻ ነው። ሸክላው የሚዞርበት ፍጥነት ባይለወጥም ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥር መርፌው በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት ያጥራል፤ በትልቁ ባለ 33 ከ1/3 ዙር ሸክላ ዳር ላይ በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል የነበረው መሐል ሲደርስ ወደ 20 ገደማ ይወርዳል። ያው ድምፅ በአጭር ቦታ ታጭቆ ስለሚቀረጽ ማለቅ ፈጥኖ የሚታየው እዚያ ነው፤ የድምፃዊው «ሰ» እና «ሸ» ሲሻክር፣ ሳክስፎኑም ሲሰነጠቅ ይሰማል።

የሚያንኳኳ ድምፅ ከሰሙ ሰዓት ይያዙለት። በ45 ዙር በየ1.33 ሰከንዱ፣ በ33 ከ1/3 ዙር ደግሞ በየ1.8 ሰከንዱ የሚደጋገም ከሆነ ቦዩን ያቋረጠ ጭረት ነው፤ ስንት ጊዜ እንዳንኳኳ ቆጥረው ይጻፉ። ሳይደጋገም አልፎ አልፎ የሚመጣው አቧራ ወይም ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ዜማው በየዙሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ቀዳዳው ከመሐል ወጣ ብሎ ተበስቷል ማለት ነው፤ ይህ የፋብሪካ ጉድለት እንጂ የአያያዝ አይደለም፣ ሆኖም ገዢው ያንኑ ስለሚሰማው ይነገረዋል።

6. ደረጃውን ይስጡ።

በዓለም አቀፍ ገበያ አብዛኛው ሰብሳቢ የሚጠቀመው ጎልድማይን የተባለውን የአሜሪካ የሸክላ ሰብሳቢዎች መጽሔት መለኪያ ነው፤ ዲስኮግስ የተባለው የሸክላ መገበያያ ድረ ገጽም የሚሠራው በዚሁ ነው። ስያሜዎቹን ወደ አማርኛ ተርጉመው አይጠቀሙ፤ ገዢው የሚያውቀው በእነዚህ ስሞች ነው፣ ቃል በቃል መተርጎማቸውም ያሳስታል።

ሚንት ማለት በምንም ረገድ እንከን የሌለው ነው። ያገለገለ ሸክላን ሚንት ማለት በጭራሽ አልመክርም። ኒር ሚንት በጎን ብርሃን ሲታይ ምልክት የለውም ለማለት የሚያስደፍር፣ ሲጫወትም ጫጫታ የሌለው ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ካለፋቸው የአማርኛ ሸክላዎች መካከል እዚህ የሚደርስ ማግኘት ብርቅ ነው። ቬሪ ጉድ ፕላስ በጥንቃቄ የተያዘ፣ ድምፁን የማይነኩ ጥቂት ስስ መስመሮች ያሉበት ነው፤ ዋጋው በተለምዶ የኒር ሚንቱ ግማሽ ያህል ይታሰባል።

ብዙ ክርክር የሚነሣው ቬሪ ጉድ በተባለው ደረጃ ላይ ነው። ስሙ «በጣም ጥሩ» የሚል ይምሰል እንጂ፣ ጸጥ ባለው ቦታ ጫጫታው የሚሰማ፣ በጥፍር የሚያዙ ጭረቶች ያሉበት፣ ነገር ግን ሙዚቃውን ያልሸፈነበት ሸክላ ነው፤ የኒር ሚንቱን ሩብ ያህል ያወጣል። ከባለቤቶች እጅ የማገኛቸው ደህና የሚባሉት የአማርኛ ሸክላዎች አብዛኞቹ እዚህ ይመደባሉ፣ ሰብሳቢውም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ቬሪ ጉድ ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።

ጉድ ፕላስና ጉድ የሚባሉት ሳይዘልሉ እስከ መጨረሻ የሚጫወቱ፣ ጫጫታው ግን ከሙዚቃው ጋር አብሮ የሚጓዝ ሸክላዎች ናቸው፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያወጣሉ። የሚዘልል፣ የሚደጋግም፣ የተሰነጠቀ ወይም ክፉኛ የተጣመመ ፌር ወይም ፑር ነው፤ ከ5 በመቶ አይበልጥም።

ሲያመነቱ ዝቅተኛውን ይውሰዱ። በዓይን ቬሪ ጉድ ፕላስ፣ በጆሮ ቬሪ ጉድ ከሆነ ደረጃው ቬሪ ጉድ ነው። ሁለቱ ገጾች ሲለያዩም እየለዩ ይጻፉ እንጂ አማካይ አይውሰዱ፤ ባለ 45 ዙር ሸክላ ላይ ተወዳጁ ዘፈን ያለበት ገጽ ብዙ ተጫውቶ ሌላው እንዳዲስ መቅረቱ የተለመደ ነው። የእንግሊዞቹ መለኪያ ኤክሰለንት የሚባል ደረጃ ስላለው፣ በየትኛው መለኪያ እንደሠሩም መግለጽ ያስፈልጋል።

7. ሽፋኑን ለብቻው ደረጃ ያውጡለት።

የሸክላውና የሽፋኑ ደረጃ እርስ በርሳቸው አይነካኩም። የተቀደደ ጠርዝ፣ በውስጡ ያለው ሸክላ ገፍቶ ያሳየው የክብ ቅርጽ ፍቅፋቂ፣ የውኃ ምልክት፣ የሙዚቃ ቤት ማኅተም፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ የባለቤት ስም፣ የፕላስተር ምልክት፣ ሁሉም ይመዘገባል። የድምፃዊው ፎቶግራፍ ያለበት የመጀመሪያው ሽፋን ለአማርኛ ሸክላ ሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ የአባትዎን ስም ለማጥፋት ብለው በላጲስ አይፈቅፍቁት፣ የተቀደደውንም በፕላስተር አይለጥፉት። ሽፋኑ የሌላ ሸክላ ከሆነ ወይም ከሌለ በግልጽ ይጻፉ።

8. መግለጫውን ይጻፉ።

ደረጃ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱ ይከተለው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ገጽ ሀ ቬሪ ጉድ፣ ገጽ ለ ቬሪ ጉድ ፕላስ፤ በጎልድማይን መለኪያ። ጸድቶ ሙሉ በሙሉ ተሰምቷል። ገጽ ሀ መግቢያ ላይ ስስ ጫጫታ አለ፣ ሁለተኛው ደቂቃ አካባቢ 6 ጊዜ ያንኳኳል፣ አይዘልልም። በመሐል ወረቀቱ ላይ ስም ተጽፏል። ሽፋኑ ጉድ ፕላስ፣ የታችኛው ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ተቀዷል።» ከሁለቱም ገጽ በጎን ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ ያያይዙ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

«ለዕድሜው ጥሩ ነው» ማለት ዋነኛው ነው። ደረጃው የሚለካው ሸክላው ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት ከነበረው ይዞታ አንጻር ስለሆነ ዕድሜም ብርቅነትም አያሻሽሉትም፤ ብርቅነት በዋጋው ላይ ይታሰባል እንጂ በደረጃው ላይ አይደለም። ሁለተኛው ለዘፈኑ ባለን ፍቅር መፍረድ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ድምፅ ስንሰማ ጆሯችን ጫጫታውን ያልፈዋል፣ ስለዚህ የራሴን ቤተሰብ ሸክላ ሁልጊዜ በማግስቱ ደግሜ እሰማዋለሁ። ብዙ ሸክላ በአንድ ቀን መመርመርም ያሳስታል፤ ከአሥራ አምስት በላይ ሲሆን ዓይንም ጆሮም ይደክማል። በመጨረሻ፣ በቅባት የተወለወለ ሸክላ ለፎቶግራፍ ያምራል፣ ገዢው ግን የሚያገኘው አቧራ የሚሰበስብ ቦይ ነው።

ደረጃውን ካወጡ በኋላ ሸክላውን በአዲስ የውስጥ ወረቀት አድርገው በቁሙ ያስቀምጡት፤ ጋድሞ ከተደራረበ ይጣመማል። በፖስታ ሲልኩትም ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥተው ከጀርባው ለብቻው ያድርጉት፤ ሽፋኑ ውስጥ እያለ ከተላከ መንገድ ላይ እየተንቀሳቀሰ ጠርዙን ይቀድደዋል፣ እርስዎ ጉድ ፕላስ ያሉት ሽፋንም ገዢው ጋር ሲደርስ ያ ደረጃ አይኖረውም።